ውሃ ቀጂዋ ኮከብ
(ስለ ፊሊፒናዊቷ የፊልም ተዋናይት ስለ ኖራ አውኖር)

«ቦና» የተባለውን ፊልም ሰሞኑን ተሰብስበን አየን። አይተን ስንወጣ ተጣላን። ጠቡም እንዲህ በቀላሉ የሚበርድ አልነበረም፤ ተከትሎን እስከ ምግብ አዳራሽ ገባ። ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈን እሱ ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ቦና ደኅና ኑሮ ካለው ቤት የወጣች ተማሪ ናት። ጋርዶ የሚባል፣ በፊልም ውስጥ ተደብድቦ ከመውደቅ ያለፈ ድርሻ የማይሰጠው ተዋናይ ታይና ልቧ ይሸፍታል። ትምህርቷን ትታ፣ ከአባቷ ተጣልታ፣ ማኒላ ከሚገኝ የድሆች መንደር እሱ ጎጆ ትገባለች። ሚስቱ አይደለችም፤ ውሽማው ናት ለማለትም ያስቸግራል። ከቦኖ ውሃ ትቀዳለች፣ ታሞቃለች፣ ገላውን ታጥበዋለች። ሌሎች ሴቶች ይዞ ሲመጣም ችላ ትኖራለች። በመጨረሻ ጥሏት ሊሄድ መሆኑን ሲነግራት የፈላውን ውሃ ትደፋበታለች። አለቀ።

አንዱ ጓደኛችን «ይሄ ፊልም ተራውን ሰው የሚንቅ ነው» አለ። ኮከብ ተከትሎ የሚሮጠውን ሕዝብ ቂል አድርጎ ያሳያል፤ ምሁር ሆዬ ደግሞ ወንበሩ ላይ ተንፈላሶ ይስቅበታል ነው የሚለው። ሌላ ሴት ተጫውታው ቢሆን ኖሮ እኛም እሺ ባልን። ግን እስቲ ቦናን የምትጫወተው ማን ናት?

ኖራ አውኖር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1953 ኢሪጋ በምትባል የቢኮል አውራጃ ከተማ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደች። በልጅነቷ ባቡር ጣቢያው እየቆመች ለመንገደኛ ውሃ ትሸጥ ነበር። በ1967 በአገር አቀፍ የዘፈን ውድድር አሸነፈችና ሳምፓጊታ የተባለው የፊልም ድርጅት ወሰዳት። በዚያን ጊዜ የፊሊፒንስ ሲኒማ የሚወዳት ሴት መልኳ የታወቀ ነበር፤ ነጣ ያለች፣ ቁመቷ የዘለቀ፣ የእስፓኝ ወይም የአሜሪካ ደም ያለባት። ኖራ ደግሞ አጭርና ጠይም ናት። ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? የቤት ሠራተኛዋ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ የሱቅ ገረዷ «ይቺ የኛ ናት» አሏት። ተከታዮቿ «ኖራኒያን» የሚል ስም ወጣላቸው፤ በሄደችበት ሁሉ መንገድ ይዘጉ ጀመር። ከቲርሶ ክሩዝ ሣልሳዊ ጋር የተጫወተቻቸው የወጣትነት ፊልሞች፣ እውነቱን እንናገርና፣ አብዛኞቹ ዘፈን ለማሰማት የተፈለጉ ሰበቦች ናቸው። በእነሱ ላይ ቀለም አንጨርስም።

ወደ ጠባችን እንመለስ። «ቦና» የተሠራው በ1980 ነው። አዘጋጁ ሊኖ ብሮካ ነው፤ ገንዘቡ ግን የወጣው ከኖራ ከራሷ ኩባንያ ነው። እንግዲህ በአገሩ ከማንም በላይ የተመለከችው ሴት ከኪሷ አውጥታ አምላኪዋን ተጫወተች ማለት ነው! እነዚያ ልጃገረዶች ደጇ ላይ ሲያድሩ አይታቸዋለች፤ ምን እንደሚፈልጉ ታውቃለች። ስለዚህ አታሾፍባቸውም። ውሃውን ተሸክማ በጠባቡ መተላለፊያ ስታልፍ ልብ ብላችሁ እዩአት። እዘኑልኝ አትልም፤ ሥራ እንደያዘ ሰው ነው የምትሄደው። ፊቷ አይናገርም፤ የሚናገረው ዓይኗ ነው። ዓይኗም የሚለው «ለዚህ ሰው እኔ አስፈልገዋለሁ» ነው። የቦና በሽታ ቂልነት አይደለም፤ የሚያስፈልጋት ሰው መፈለጓ ነው። ይህ ደግሞ ከኛ መካከል ማንን ያልነካ በሽታ ነው? ፊልሙ በ1981 ካን ታይቶ ነበር፤ በ2024ም ቅጂው ታድሶ እንደገና እዚያው ታየ።

ሁለት ዓመት ቆይታ «ሂማላ»ን ተጫወተች፤ ተአምር ማለት ነው። ድርሰቱ የሪኪ ሊ፣ ዝግጅቱ የኢሽማኤል በርናል ነው። በድርቅ በተመታች ኩፓንግ በምትባል ከተማ ኤልሳ የምትባል ልጅ «እመቤታችን ተራራው ላይ ተገለጠችልኝ» ትላለች። በሽተኛው ይጎርፋል። ነጋዴው፣ ፎቶግራፍ አንሺው፣ ሁሉም ከተአምሩ ይሸቅጣል። ኤልሳም በክፉ ሰዎች እጅ ትወድቃለች፤ በዙሪያዋ ሞት ይበዛል። መጨረሻ ላይ በሺህ በሚቆጠር ሕዝብ ፊት ቆማ ተአምር የለም፣ አማልክቱንም እርግማኑንም የምንሠራው እኛው ነን ትላለች። ያን ጊዜ ከሕዝቡ መካከል ጥይት ይተኮሳል። ይህን ትርኢት ስናይ ኤልሳን ረስተን ኖራን ያሰብነው እኛ ብቻ አንመስለንም። አሥራ አምስት ዓመት የተመለከች ሴት አምላኪዎቿን «እኔ ሰው ነኝ» አለቻቸው። ቃሉ ክብደት አለው።

ጓደኛችን እዚህ ላይ ያዘን። «ፊልሙ የተሠራው እኮ የማርኮስ መንግሥት ባቋቋመው ድርጅት ገንዘብ ነው» አለ። እውነት ነው፤ አንክደውም። ነገር ግን አምባገነን በከፈለው ገንዘብ «ያመለካችሁት ባዶ ነው» የሚል ፊልም ወጣ። ገንዘቡን የሰጡት ሰዎች ይህን አስተውለው ይሁን አይሁን እነሱን ይጠይቁ።

በ1995 ደግሞ ፍሎር ኮንቴምፕላስዮንን ሆነች። ይህች ሴት በሲንጋፖር የቤት ሠራተኛ ነበረች፤ በግድያ ተፈርዶባት በመጋቢት ወር ተሰቀለች፤ ፊልሙ በዚያው ዓመት ደረሰ። ካይሮ ላይ ፊልሙም ኖራም ሽልማት ወሰዱ። እንባው እንደበዛበት እንገምታለን፤ ጥድፊያውም ይታያል። ሆኖም ስናየው ሆዳችን የተላወሰው ለፊሊፒንስ ብቻ አልነበረም። ከመካከላችን እህቷ ቤይሩት፣ አክስቷ ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ አለች፤ ፊልሙ ሳያልቅ ተነሥታ ወጣች። ማናችንም ምን ሆንሽ አላልናትም።

የቀረው ሕይወቷ ቀላል አልነበረም። በ2005 በአሜሪካ ከዕፅ ጋር በተያያዘ ተከሰሰች። በ2010 ጃፓን ውስጥ ለመልክ ተብሎ በተደረገላት ቀዶ ሕክምና የዘፈን ድምፅዋን አጣች። በ2014 ብሔራዊ አርቲስት እንድትባል ስሟ ቢቀርብ ፕሬዚዳንት አኪኖ በዚያ በዕፁ ነገር ምክንያት ሰረዙት፤ ማዕርጉን ያገኘችው በ2022 ነው። በመሐሉ ግን በ2012 «ዳይ ዉምብ» በተባለው የብሪያንቴ ሜንዶዛ ፊልም መውለድ የማይሆንላት አዋላጅ ሆና ቬኒስ ደረሰች፤ እዚያም ብዙ አትናገርም። በሚያዝያ 2025 በ71 ዓመቷ አረፈች፤ ማኒላ በጀግኖች መካነ መቃብር ተቀበረች።

ጓደኛችን እስካሁን አልተረታም። «ሂማላ» መጨረሻ ላይ ኤልሳ ሞታም ሕዝቡ በጉልበቱ እየዳኸ ጸሎቱን ይቀጥላል፤ ይህ ንቀት ካልሆነ ምንድነው ይለናል። መልሱን ገና አላገኘነውም። ፊልሙን ደግመን እንድናይ ጠይቆናል፤ እሺ ብለነዋል።