እትዬ ለምለም የማን ልጅ ናት?

«ምን ልታዘዝ» በፋና ቴሌቪዥን ይተላለፍ በነበረበት ጊዜ እኔ የምህንድስና ተማሪ ነበርኩ። ለእረፍት አሰላ ስገባ ከአኮ ጋር ነበር የማየው። አኮ ማለት በእኛ በአርሲዎች አፍ አያት ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ ቀልዱ ሲፈጥን ግን ያመልጣታል። ስለዚህ ግማሹን ወደ ኦሮምኛ እየመለስኩ፣ ግማሹን እየዘለልኩ አብረን እንከታተላለን። አንድ ማታ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳት ተነሳሁ፦ ካፌው ካፌ አይደለም፣ አገር ነው፤ ባለቤቷ እትዬ ለምለም እንዲህ ናት፤ ሥራ አስኪያጁ አያልቅበት እንዲያ ነው እያልኩ። እስክጨርስ ሰማችኝና «እሺ፣ ይቺ ለምለም የማን ልጅ ናት?» አለችኝ።

አርሲ ውስጥ ይሄ ተራ ጥያቄ ነው። እንግዳ ሰው ጎሳውን ቢጠየቅ አይገርመውም። «የማንም አይደለችም፤ ምሳሌ ናት» አልኳት።

«ታዲያ ካፌውን ከማን ወረሰችው?»

መልስ አልነበረኝም። ድራማው ከተቋረጠ ዓመታት አለፉ፤ ጥያቄዋ ግን አልለቀቀኝም።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፦ «ምን ልታዘዝ»ን እወደዋለሁ። አገርን ካፌ ማድረግ ብልህ ምርጫ ነው። ካፌ ውስጥ ሁሉም ይገባል፣ ያዛል፣ ያማርራል፣ ሒሳብ ሲመጣ ስልኩን ያያል። ርዕሱም ድርብ ነው። «ምን ልታዘዝ» መንግሥት ለሕዝብ ሊለው የሚገባ ቃል ነበር፤ እኛ አገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚለው ሕዝቡ ነው። አያልቅበት የሚል ስም ያለው አለቃ ምን እንደማያልቅበት ለመገመት ደግሞ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። እና ካፌው «ወደፊት» ነው የሚባለው!

ይሄ ስም ሐዲስ ዓለማየሁን ያስታውሰኛል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከመጻፋቸው ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና በወጣትነታቸው፣ «የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ» የሚል ተውኔት ደርሰው ነበር። ርዕሱን ብቻ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። አገሩ ሐበሻ ተብሎ ሰው ሆኗል፤ ኋላ ቀርነት ደግሞ የትዳር ጓደኛው። ጠለፋ አይደለም፣ ወረራም አይደለም፤ ጋብቻ ነው። ለጋብቻ ሽማግሌ ይላካል፣ ሁለት ቤተሰብ እሺ ይላል፣ ድግስ ይደገሳል፣ ጎረቤት እልል ይላል። እዚህ አገር ተበዳይ አይደለም። ውሉ ላይ ፈራሚ ነው። በሦስት ቃል ይሄን ያህል ድፍረት!

ከዚያ በፊት የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነበር። ሩሲያ ውስጥ በመድፈኛ መኮንንነት የሠለጠኑት ሰውዬ የቤተ መንግሥቱን ነገር በእንስሳት አፍ ተናገሩት፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ባለ ሥልጣናቱ ራሳቸውን አውሬዎቹ ውስጥ አይተዋል ማለት ነው። ለሽሙጥ ከዚህ የተሻለ ምስክር ወረቀት የለም።

የሚገርመኝ የኋላው ነው። በ1927 ዓ.ም. እኚሁ ሰው ጄኔቫ፣ የመንግሥታት ማኅበር ውስጥ ኢትዮጵያን ወክለው ተቀምጠዋል። ጣሊያን ደግሞ ረጅም ክስ አዘጋጅታ ኢትዮጵያን አንድ ገጸ ባሕርይ አድርጋ አቀረበቻት፦ አረመኔ፣ ባሪያ ፈንጋይ፣ ከሠለጠኑት ጋር ለመቀመጥ የማትበቃ። በዚያው ሰሞን «ፓንች» የተባለው የእንግሊዞች የቀልድ መጽሔት እንግሊዝንና ፈረንሳይን ለሙሶሊኒ የለዘበ ማስጠንቀቂያ የሚያዜሙ ሁለት ሰዎች አድርጎ ሳላቸው። ሁለቱም አገርን ሰው አድርገዋል። ልዩነቱ፣ ጣሊያን የሰው አገር ላይ ጣቷን ስትቀስር «ፓንች» የራሱን አገር ነው ያሳቀበት። ክሱን ዛሬ የሚያነበው የታሪክ ተማሪ ነው፤ ካርቱኑ ግን አሁንም ያስቃል።

በእኛ ዘንድ ከወረራው በኋላ ያሸነፈው ምሳሌ ጋብቻው ወይም አውሬው አይደለም፤ ሴቷ ናት። የዮፍታሔ ንጉሤ «አፋጀሽኝ» አገርን በሴት መስሎ የዚያኑ ጦርነት መከራ ያነሳል። ስሙን ልብ በሉ፤ የመፋጀቱ ጥፋት እንኳ በሴትዮዋ ስም ላይ ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ እናት ኢትዮጵያ በየመድረኩ፣ በየፖስተሩ፣ ዛሬ ደግሞ በየፌስቡኩ አለች፦ ጥለቱ ባንዲራ የሆነ ቀሚስ ለብሳ፣ እያለቀሰች፣ ልጆቿ ግራና ቀኝ እየጎተቷት። ብሔራዊ መዝሙራችንም ወደፊት እንድትገሰግስ ያዛታል። እሷ ምንም አጥፍታ አታውቅም። በእኛ ሙያ «ጎድ ኦብጀክት» የምንለው ስህተት አለ፤ ሁሉን ነገር አንድ ክላስ ውስጥ ጠቅልሎ መክተት። ለጊዜው ይሠራል። ሲበላሽ ግን ብልሽቱ ከየት እንደመጣ ማንም አያገኘውም።

ዩኒቨርሲቲ እያለን አንዱ የዶርማችን ልጅ የክፍላችን ቴሌግራም ላይ ካርቱን ለጠፈ። እናት ኢትዮጵያ ታጠባለች፤ ሕፃናቱ ይነክሷታል፤ ከሥሩ «ጡት ነካሾች» ይላል። ከኢተያ የመጣ ሌላ ጓደኛችን ነበር። ኢተያ ከአሰላ ወደ አዳማ ሲኬድ የምትገኝ የሄጦሳ ወረዳ ከተማ ናት፤ በዚያው ወረዳ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአኖሌ ሐውልት ቆሟል፤ የተቆረጠ ጡት የያዘ እጅ። ልጁ አንዲት ቃል ሳይጽፍ የሐውልቱን ፎቶ መለሰ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አንድ ክፍል እያደሩ ሴሚስተሩ እስኪያልቅ አልተነጋገሩም። በሐውልቱና በታሪኩ ላይ ያለው ክርክር ከባድ ነው፤ እዚህ አልፈታውም። እንደ ሐያሲ የማየው ሌላ ነገር ነው፦ ካርቱኑን የሳለው ሰው እናት ሲል ሁሉም አንባቢ አንድ አካል የሚያስብ መስሎት ነበር። መልኳንና ቋንቋዋን መርጦ፣ መምረጡን ግን ረስቶታል። የማን ልጅ እንደሆነች አልጠየቀም።

ለዚህ ነው ካፌው ከእናቲቱ ይሻላል የምለው። ካፌ ደንበኛ አለው፣ አስተናጋጅ አለው፣ እርስ በርስ የሚኮራረፍ ሠራተኛ አለው፤ የሁሉም ፊት የተለያየ ነው። ቢሆንም እትዬ ለምለም ዘንድ ስንደርስ የድሮዋ እናት በጓሮ በር የገባች ይመስለኛል። እኔ ሳየው ከሳቁ ትልቁ ድርሻ የአያልቅበት ነበር። ሥራ አስኪያጅ ላይ መሳቅ ደግሞ ቀላል ነው፤ ይሄዳል፣ ሌላ ይመጣል።

ያልተጻፈ አንድ ክፍል በሐሳቤ አለ። ረፋድ ላይ አንዲት አሮጊት በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። ቡና ያዛሉ። አያልቅበት ስለ ካፌው የወደፊት ዕቅድ ያወራላቸዋል፣ ያወራላቸዋል። ሴትዮዋ ቡናቸውን ጨርሰው ስኒውን ይደፉና፣ ቀስ ብለው በኦሮምኛ፣ ባለቤቲቱን የቦታውን ካርታ እንድታሳያቸው ይጠይቃሉ። እትዬ ለምለም መሳቢያውን ትከፍታለች። አስተናጋጁ፣ ደንበኛው፣ አያልቅበትም ሳይቀር አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።