ጉዱ ካሣ ሴት ቢሆን ኖሮ

ባለፈው ክረምት ሲ.ኤም.ሲ ሚካኤል አካባቢ ባለች አንዲት ትንሽ ቡና ቤት አምስት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ እንገናኝ ነበር። ሁላችንም እንጽፋለን፣ ወይም እንጽፋለን ብለን እናስባለን። አንድ ቀን አንዷ ጓደኛችን የቤት ሥራ ሰጠችን፦ ከምትወዱት ልብ ወለድ አንድ ወንድ ገጸ ባሕርይ ምረጡ፤ ዘመኑንና አገሩን ሳትነኩ ሴት አድርጋችሁ ጻፉት። ቀላል መሰለኝ። ሳላመነታ ጉዱ ካሣን ያዝኩ።

በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ፣ ወይም እንደ ብዙዎቻችን በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ የሰማ ሰው ጉዱ ካሣን አይረሳም። (ወጋየሁ እኮ ሰብለ ወንጌልንም የበዛብህን እናት ውድነሽንም በአንድ የወንድ ጉሮሮ ሲተርክልን «እንዴት ይሆናል?» ያለ የለም።) ካሣ የመሳፍንቱን ዓለም እዚያው ውስጥ እየኖረ የሚነቅፍ ሰው ነው። አገሬው «እብድ ነው» አለና ተወው። ልብ በሉ፣ ተወው።

የመጀመሪያው ችግር የመጣው ገና ስሙ ላይ ነው። «ጉዱ»ን ወደ ሴት ስቀይረው «ጉዲት» ሆነ። በቃ፣ ብዕሬ ቆመ። ወንዱ ሲጠራበት ፈገግ የሚያሰኘው ቃል፣ ሴቷ ላይ ሲወድቅ ቤተ ክርስቲያን አቃጠለች፣ አክሱምን አፈረሰች የምትባለዋን ዮዲትን ይጠራል። ቋንቋው ራሱ ለወንዱ አፈንጋጭ ቅጽል፣ ለሴቷ እርግማን አዘጋጅቶ ጠብቆኛል።

እኔ ግን አልሰማሁም። ስሙን ዘልዬ የካሣን ሐሳብ እንዳለ ወስጄ «አለ» የሚለውን ሁሉ «አለች» አደረግሁ። ቅዳሜ ሳነብላቸው ያቺው ጓደኛችን ስኒዋን አስቀምጣ «ይሄ እኮ ካሣ ነው፣ ቀሚስ ለብሶ» አለችኝ። ተናደድኩ፤ ግን ልክ ነበረች። ሴቷ በሽማግሌዎች ፊት ያን ሁሉ ስትናገር አንድም ሰው «ዝም በይ» አላላትም። ከበር የመለሳት የለም። ጾታዋን ቀየርኩ እንጂ ዙሪያዋን ያለውን ዓለም አልቀየርኩም።

ሴት ተደርገው የሚጻፉ የወንድ ገጸ ባሕርያት አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ልብስ ይቀየራል፣ ታሪኩ ግን በወንድ መብት መሄዱን ይቀጥላል። ዋጋ የተከፈለበትን ለማየት በ1921 እ.ኤ.አ. ዴንማርካዊቷ አስታ ኒልሰን የሠራችበትን የጀርመን ድምፅ አልባ ፊልም «ሐምሌት»ን እዩ። እዚያ ሐምሌት ሴት ሆና ተወልዳ፣ ዙፋኑ እንዳይጠፋ ተብሎ እንደ ልዑል ያደገች ናት። አንዷ ለውጥ ሁሉንም ታነቃንቀዋለች፤ ዝምታዋም ብቸኝነቷም ሌላ ምክንያት ያገኛሉ።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው «ልብ ወለድ ታሪክ» ጀግናዋን ጦቢያን የወንድ ልብስ አልብሶ መንገድ ያስወጣታል። መጽሐፉ መንገዱ ለልጃገረድ ዝግ መሆኑን ያውቃል፤ የወንድ ልብሱ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ቅሬታዬ መጨረሻው ላይ ነው፦ ማንነቷ ሲገለጥ የሚጠብቃት ጋብቻ ነው። ሴትነቷ ሲመለስ መንገዱ አለቀ።

«በዚያ ዘመን እንዲህ ያለች ሴት የለችም» የሚሉ አሉ። ነበረች። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወለተ ጴጥሮስ የአፄ ሱስንዮስ ሹም የነበረውን ባሏን ትታ፣ ጸጉሯን ተላጭታ መነነች። ንጉሡ የተቀበለውን የካቶሊክ እምነት ተቃወመች፤ ተከሰሰች፤ ተጋዘች። ገድሏ በ1672 እ.ኤ.አ. ተጽፏል። በእኛው ክፍለ ዘመን አቅራቢያ ደግሞ ጎጃም ውስጥ ዐይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባታቸው ቅኔ ተምረው የቅኔ መምህር ሆነዋል። «ሴት በዛብህ ከየት ትመጣለች?» ለሚል መልሱ እሳቸው ናቸው።

ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው አንድ ነገር ገባኝ። ሁለቱም ቆብ አላቸው። ካሣ ለመናገር ያስፈለገው «እብድ» መባል ብቻ ነው። ሴቷ ግን ለመናገር መጀመሪያ ከባልና ከትዳር ዓለም መውጣት ነበረባት።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። የእናቴ ታላቅ እህት ገጠር ሳለች ሁለት ባል እምቢ ብላ፣ ከወንድሞቿ ጋር በመሬት ተካሰሰች። እሷንም «እብድ ናት» አሏት። ግን አልተዉዋትም፤ እጇን አስረው ጸበል ወሰዷት። ከዚያ በኋላ ብዙም አትናገርም ነበር። እኔ የማስታውሳት በረንዳችን ላይ ቁጭ ብላ፣ ፊቷን ወደ እንጦጦ ተራራ አዙራ፣ ዝም ስትል ነው። ለካሣ እብደት ነጻነት ነበር፤ ለአክስቴ ገመድ።

ታሪኩን እንደገና ጀመርኩት። አሁን ሴቲቱ እማሆይ ካሰች ትባላለች። የፊታውራሪው ዘመድ ናት፣ ትልቁ ቤት ጓዳ አጠገብ ትኖራለች። የመነነችው ጽድቅ ፈልጋ ብቻ አይደለም፤ ሌላ መናገሪያ ስላጣች ነው። በዚህ ምክንያት ከካሣ የምታንስበት ነገር አለ፦ አደባባይ አትወጣም። የምትበልጥበትም አለ፦ ገረዶቹ በሌሊት የሚያወሩትን ትሰማለች፣ ሰብለም በር ዘግታ የምታለቅሰው እሷ ጋ ነው። ካሣ ያላየውን የዚያን ቤት ግፍ እሷ ታያለች። ጾታ መቀየር ጥቅም ካለው ይሄ ነው፤ የታወቀውን ቤት በሌላ በር ያስገባል።

ጨርሼ ለእናቴ አነበብኩላት። ቡና እያፈላች እስከ መጨረሻው ሰማች። ስለ አጻጻፌ ምንም አላለችም። «እሷ እኮ አላበደችም ነበር» አለችና ጀበናውን አወረደች።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። በዛብህን ውሰዱ፣ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለ ሳይሆን የተሳለች አድርጉት። ግን ምን እንደምትለብስ ከመጻፋችሁ በፊት የትኛው በር ላይ ማን እንደሚያስቆማት ጻፉ።