ምላጭና ሲሪንጅ አንድ አይደሉም

ከጊንጪ እስከ አምቦ፣ ከጉደር እስከ ባኮ፣ ስለ ኤችአይቪ የተማረ ሁሉ ይህችን ዓረፍተ ነገር ያውቃታል፦ «ስለታም ነገሮችን በጋራ አለመጠቀም»። ምላጭ፣ የጥፍር መቁረጫ፣ መርፌ። ፈተና ላይ ትመጣለች፣ እንመልሳታለን፣ አለቀ። እኔ ግን ከእሷ ጋር ጠብ አለኝ። ውሸት ሆና አይደለም፤ ምክንያቱን ስለማትናገር ነው።

የሚያስተላልፈው ስለቱ ሳይሆን ደሙ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለባችሁ «ስለታም ነው ወይ?» ብላችሁ ሳይሆን «ምን ያህል ደም ይይዛል? የትስ ያደርሰዋል?» ብላችሁ ነው። ምላጭ ላይ የቀረ ደም ትንሽ ነው፤ አየር ላይ ሲደርቅ ቫይረሱ ቶሎ ይዳከማል። (ምላጭ ተዋዋሱ እያልኩ አይደለም፤ ሄፓታይተስ ቢ አለ።) ሲሪንጅ ግን ሌላ ነው። ዕፅ በደም ሥሩ የሚወጋ ሰው ሥሩን ማግኘቱን ለማረጋገጥ መግፊያውን ወደ ኋላ ሳብ ያደርገዋል፤ ደም ይገባል። መልሶ ሲገፋው ሁሉም አይወጣም፤ መርፌው ውስጥና መርፌውና ሲሪንጁ በሚገናኙበት ጎድጓዳ ቦታ ጥቂት ይቀራል። ቀጣዩ ሰው በዚያው ሲቀዳ የሌላውን ደም በቀጥታ ወደ ደም ሥሩ ይልካል ማለት ነው። ቫይረሱ ሲሪንጅ ውስጥ፣ በቤተ ሙከራ፣ እስከ 42 ቀን ቆይቶ ተገኝቷል። ቅዝቃዜ ዕድሜውን ያራዝምለታል፤ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አምቦ ደግሞ ቆላ አይደለችም።

ቋንቋችንም ሳያሳስተን አልቀረም። «መርፌ ተወጋሁ» እንላለን፤ በአፋን ኦሮሞም «ሊልሞ» ነው። ስሙ የጫፉ ነው፤ ደም የሚሸሽገው ግንድ በንግግራችን ቦታ የለውም። ታዲያ ጫፉን ቀይሮ ያንኑ ሲሪንጅ የሚዋዋስ ሰው «መርፌ አልተጋራሁም» ቢል በእኛ አነጋገር እውነቱን እኮ ነው! ዕፁ የተበጠበጠበት ውኃና ዕቃ፣ የተጣራበት ጥጥም ደም ሊነካቸው ይችላል። ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። የጥፍር መቁረጫው አለ።

«እኛ ጋ ችግሩ ይህ አይደለም» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ኤችአይቪ በአብዛኛው የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ግን አሜሪካ፣ ኢንዲያና ግዛት ውስጥ ኦስቲን የምትባል 4 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ አለች። አውራጃው በሙሉ በዓመት አምስት አዲስ ሰው እንኳ አይመዘገብበትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ግን ከ180 በላይ ሰዎች ተገኙ፤ አብዛኞቹ የሕመም ማስታገሻ ክኒን አሟሙተው በጋራ ሲሪንጅ የሚወጉ ነበሩ። ንጹሕ ሲሪንጅ ማደል እስከዚያ ድረስ በሕግ የተከለከለ ነበር። «ትንሽ ከተማ ነን» ማለት ማንንም አላዳነም።

ሌላም የጎደለ ነገር አለ። በሌላ ሰው ሲሪንጅ የተወጋ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ይሠራል። ዓረፍተ ነገሯ «አትጋሩ» ብላ ትዘጋለች፤ ለተጋራው ሰው የምትነግረው ምንም የለም።