የተመለሰው ክፈፍ፦ በቺካጎ ስለ አንድ የንግድ ሕንጻ የፊት ገጽታ እድሳት

በቺካጎ ከተማ የስቴትና የማዲሰን ጎዳናዎች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ የቆመውን የንግድ ሕንጻ የቆዩ ፎቶግራፎች የሚያውቅ ተመልካች፣ ዛሬ ከስፍራው ሲደርስ ዓይኑን በቅድሚያ ወደ ላይ ያነሣል። ከጣሪያው ጫፍ ወደ ጎዳናው ይዘረጋ የነበረው ክፈፍ እ.ኤ.አ. በ1948 አካባቢ ተነሥቶ፣ ሕንጻው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ማሰሪያ አንቀጽ እንደጎደለው ዓረፍተ ነገር ቆሞ ነበርና ነው። በ2006 ክፈፉ በቀድሞው ንድፍ እንደገና ተሠርቶ ከቦታው ተመልሷል።

ሕንጻውን የነደፈው ሉዊስ ሳሊቫን ነው። ሥራው በ1899 ሽሌሲንገርና ማየር ለተባለው መደብር ተጀምሮ በ1903 እና በ1904 ተስፋፋ፤ ወዲያው ግን ካርሰን ፒሪ ስኮት የተባለው የንግድ ድርጅት ያዘውና እስከ 2007 ድረስ በዚያው ሲነግድበት ኖረ። ሳሊቫን የሕንጻ ቅርጽ ከተግባሩ መመንጨት አለበት የሚለውን አቋም ያራመደ የኪነ ሕንጻ ሰው እንደነበር ይታወቃል። ይህን አቋሙን ጌጥን ከመጥላት ጋር አንድ አድርገው የተረጎሙ ብዙዎች ናቸው። ክፈፉን ያስነሡትም ሰዎች ከዚህ አስተሳሰብ የራቁ አይመስሉም።

የፊት ገጽታው ግን በራሱ አንደበት ይመልስላቸዋል። ክብደቱን የሚሸከመው የብረት አጽም ስለሆነ፣ መካከለኛዎቹ ፎቆች በነጭ የተተኮሰ ሸክላ ተሸፍነው ሰፋፊ መስኮቶቻቸውን በረድፍ ይዘረጋሉ፤ ከዚያ በላይ ያለው ክፈፍ ጥላውን አሳርፎ ያንን የመስኮት ሩጫ ይገታል። እርሱ ሲነሣ የቀረው ጌጥ የጎደለው ሕንጻ ሳይሆን የት እንደሚያበቃ የማይታወቅ ግድግዳ ነበር። ስለዚህም የ2006ቱ ሥራ ትክክለኛ ነው፤ ተሐድሶው ለዓይን ደስታ ብቻ የተጨመረ ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት ያለው ግን ከታች፣ በሁለቱ የመጀመሪያ ፎቆች ነው። የመደብሩን የማሳያ መስኮቶች እንደ ሥዕል ክፈፍ የከበበው በቅርጽ የፈሰሰ ብረት፣ ቅጠሉ ከግንዱ፣ ግንዱ ከቀለበቱ እየተጠላለፈ ይወጣል። የብራናን ሐረግ ለሚያውቅ ዓይን ይህ እንግዳ አይሆንም። የዓመታት ቀለም ተደራርቦበት የቅጠሉ ጠርዝ ደንዝዞ ነበር። በእድሳቱ ጊዜ ብረቱ ተነቅሎ፣ ቀለሙ ተልጦ ተጠገነ፤ የቀለሙ ንብርብር ሲመረመርም በቀይ መሠረት ላይ አረንጓዴ ተቀብቶ ያረጀ ነሐስ እንዲመስል ተደርጎ እንደነበር ታወቀ፤ ያው ቀለም ተመለሰለት። ብረት ነሐስ መስሎ መታየቱ እንደ ማታለል ሊቆጠር ይችል ይሆናል። ዳሩ ግን መደብር የተሠራው መንገደኛውን አቁሞ ወደ ውስጥ ለመሳብ ነውና፣ ይህም የዚያው ተግባር አካል ነው።

በመግቢያው ጌጥ ውስጥ የሳሊቫን ስም መነሻ ፊደሎች ተሸሽገው ይገኛሉ። ሆኖም ጌጡን በዝርዝር የነደፈው ረዳቱ ጆርጅ ኤልምስሊ፣ በጭቃ የቀረጸው ክርስቲያን ሽናይደር፣ በብረት ያፈሰሰውም የዊንስሎ ወንድማማቾች ፋብሪካ ነው። በ1924 በድህነት የሞተው ሳሊቫን ከጊዜ በኋላ ክብሩን አግኝቷል፤ የቀራጩንና የፋብሪካውን ሠራተኞች ስም የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ረገድ እድሳቱን በተመለከተ የሚነገረው ሁሉ ጎደሎ ነው።

ቺካጎ እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ሁልጊዜ አላሳየችም። የሳሊቫንና የአድለር ሥራ የነበረው የአክሲዮን ገበያ ሕንጻ በ1972 ሲፈርስ፣ ጌጦቹን ለማዳን ይደክም የነበረው ፎቶግራፍ አንሺ ሪቻርድ ኒክል ፍርስራሹ ውስጥ ሕይወቱ አልፏል። የዚያ ሕንጻ የመግቢያ ቅስት ዛሬ በከተማይቱ የኪነ ጥበብ ሙዚየም አጠገብ ለብቻው ቆሞ ይታያል። በስቴት ጎዳና ያለው ግን አሁንም ገበያ ነው፤ በ2012 ታርጌት የተባለ መደብር ገብቶበት፣ ገዢው በሳሊቫን ክብ ማዕዘን በኩል ይገባል፣ ይወጣል።