የብሩስ ሴጋን «ሲሜትሪያዊው ግሩፕ» እና የምዕራፎቹ ቅደም ተከተል

ፕሮፌሰር ብሩስ ሴጋን እ.ኤ.አ. በ1991 አሳትመው በ2001 አሻሽለው ያወጡት «ሲሜትሪያዊው ግሩፕ» የተባለው መጽሐፍ አልጀብራን ከቆጠራ ሒሳብ ጋር አዛምዶ የሚያስተምር ሥራ ነው። የአጻጻፉ ግልጽነት የሚመሰገን ሲሆን የምዕራፎቹ አሰላለፍ ግን ለመምህራን እንቅፋት ሳይሆን አልቀረም።

የነገሩ እምብርት አንድ እኩልነት ነው። ሦስት ነገሮች በ6 ልዩ ልዩ ቅደም ተከተሎች ይሰለፋሉ። ቁጥር 3 በበኩሉ በሦስት መንገድ ይከፈላል፤ ይኸውም 3፣ 2+1 እና 1+1+1 ነው። ለእያንዳንዱ አከፋፈል ሣጥኖች ከግራ ጀምሮ በየረድፉ ይደረደሩና ከ1 እስከ 3 ያሉት ቁጥሮች ወደ ቀኝም ወደ ታችም እያደጉ እንዲሄዱ ይሞላባቸዋል። ይህ ለመጀመሪያውና ለመጨረሻው አከፋፈል በ1፣ ለመካከለኛው በ2 መንገድ ይፈጸማል። እነዚህ ቁጥሮች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ሲደመሩ 1+4+1፣ ማለትም 6 ይሆናሉ። ለአራት ነገሮችም 1+9+4+9+1 በትክክል 24 ነው።

መጽሐፉ ይህን እውነት ሁለት ጊዜ ያረጋግጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ግሩፑ በማትሪክሶች ይወከላል፤ ከዚያ በላይ ሊከፋፈሉ የማይችሉት ውክልናዎች ዳይሜንሽንም ከላይ የተቆጠሩት ቁጥሮች ሆነው ይገኛሉ። መንገዱ ረጅም ነው፤ በአልጀብራ ያልበረታ አንባቢ ከዚህ ሳያልፍ መጽሐፉን ይከድነዋል።

ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1938፣ ሼንስቴድ በ1961 ያቀረቡት ዘዴ የሚመጣው በሦስተኛው ምዕራፍ ነው። ለዚህ እርሳስና ወረቀት ይበቃል። 2፣ 3፣ 1 ተራ በተራ ሲገቡ 2 እና 3 በአንድ ረድፍ ይቀመጣሉ፤ 1 ሲመጣ 2ን ገፍቶ ወደ ታች ያወርደዋል። ሌላ ሰንጠረዥ ደግሞ ሣጥኖቹ የተጨመሩበትን ተራ ይመዘግባል። ከሁለቱ ሰንጠረዦች ተነሥቶ ወደ ኋላ በመመለስ 2፣ 3፣ 1ን ማግኘት ይቻላል፤ ስለዚህ አንድ አሰላለፍ ከአንድ ጥንድ ሰንጠረዥ ጋር ይገጥማል፣ እኩልነቱም ይረጋገጣል።

እርግጥ ይህ ዘዴ ብቻውን አይበቃም። ቁጥሮቹ እኩል መሆናቸውን ያሳያል እንጂ የምን መጠን እንደሆኑ አይናገርም። ደራሲው አልጀብራውን ያስቀደሙት ምናልባት ስለዚህ ይሆናል። ነገር ግን መልሱ ከጥያቄው በፊት ሲቀርብ ተማሪው ምን እንደተመለሰለት አያውቅም። የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት የሚያቅድ ሰው ከሦስተኛው ምዕራፍ ቢጀምር ይሻላል። ያን ጊዜ ተማሪው ወደ ማትሪክሱ የሚመለሰው ያ 2 የተባለው ቁጥር ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ነው፤ መልሱም ሦስት ጎኖቹ እኩል የሆኑ ጎነ ሦስት የሚዞርበትና የሚገለበጥበት ጠለል ዳይሜንሽን ነው።