ሰነዱ የሥራ ክፍሉ ነው

በወረዳ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ይዛወራል። ዘንድሮ ንፋስ መውጫ ተቀምጦ የላይ ጋይንትን በጀት የሚሠራ ባለሙያ፣ ለከርሞ ወገዳ ወይም አርብ ገበያ ሊመደብ፣ ደብረ ታቦር ወዳለው የዞን መሥሪያ ቤት ሊገባም ይችላል። ሥራው ግን እዚያው ነው፤ ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ይገባል። ስለዚህ የጋራ ፎልደር ሳዋቅር መጀመሪያ የምጠይቀው ሰነዱ የየትኛው የሥራ ክፍል እንደሆነ ነው።

መሣሪያዬ ሳምባ ነው። አውስትራሊያዊው አንድሩ ትሪጅል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጀመረው ይህ ነፃ ሶፍትዌር፣ የሊኑክስ ሰርቨር ለዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ፎልደር እንዲያጋራ ያደርጋል። ፋይል በፍላሽ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ቫይረሱም አብሮ ሲዞር ላየ ሰው ጥቅሙ ግልጽ ነው።

ፈቃድ በሰው ስም ከተሰጠ፣ ዝውውር በመጣ ቁጥር በየፎልደሩ ስም እየፈለጉ መሰረዝ ይከተላል። እኔ ለበጀት፣ ለግዥ፣ ለሰው ሀብት ለየብቻ ግሩፕ እከፍታለሁ። የመጣውን አስገባለሁ፣ የሄደውን አስወጣለሁ፤ የፎልደሩ ፈቃድ አይነካም።

በሊኑክስ በኩል የፎልደሩን ፈቃድ 2770 አደርገዋለሁ። ሁለቱ 7 ለባለቤቱና ለግሩፑ ሙሉ ፈቃድ ይሰጣሉ፤ 0 ሌላውን ሁሉ ይከለክላል። ከፊት ያለችው 2 አዲስ ፋይል ሁሉ የፎልደሩን ግሩፕ እንዲይዝ ታደርጋለች። በሳምባ በኩል ደግሞ ፋይሉ 0660 ሆኖ እንዲፈጠር አዛለሁ፤ አለበለዚያ አንዱ የሠራውን ሠንጠረዥ ባልደረባው ያየዋል እንጂ ሊያርመው አይችልም።

ጥንቃቄ የሚጠይቀው ኦዲተሩ ነው፤ ማንበብ አለበት፣ መለወጥ የለበትም። ሳምባ በሚያሳልፋቸው ተጠቃሚዎች ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ብቻ አይበቃም። በሩ ሁለት ነው፤ ሳምባ ቢያሳልፈውም ሊኑክስ ያቆመዋል፤ የሚጸናውም የጠበቀው ነው። ስለዚህ በኤሲኤል፣ ማለትም ከባለቤቱና ከግሩፑ ሌላ ለተጨማሪ ግሩፕ ፈቃድ በሚሰጠው የሊኑክስ ዝርዝር፣ ለኦዲት ግሩፕ የማንበብ ፈቃድ እጨምራለሁ፤ ነገ የሚፈጠሩት ፋይሎችም እንዲወርሱት አደርጋለሁ። ከዚያ በኦዲት ግሩፕ የሙከራ ስም ገብቼ አንድ ፋይል እከፍታለሁ፣ ለመሰረዝም እሞክራለሁ። ሲከፈት፣ መሰረዙም ሲከለከል ነው ጨረስኩ የምለው።

«ለሁሉም ክፍት ይሁንና ሥራ ይቀላጠፍ» የሚል ኃላፊ አይጠፋም። ነገር ግን የዲሲፕሊን ውሳኔ የሰው ገመና ነው፤ የግዥ ሰነድም ጨረታው ሳይከፈት መታየት የለበትም። ሥራ የሚቀላጠፈው ተተኪው በገባበት ቀን የክፍሉን ሰነድ ሙሉውን ሲያገኝ ነው። ያን ጊዜ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ባለጉዳይ «ፋይሉን የያዘው ሰው ተዛውሯል» ተብሎ አይመለስም።