የአንዲት ባይት ጥገና

በሲ ቋንቋ የሚጻፍ አንድ የተለመደ የጀማሪ ፕሮግራም አለ፦ ፎልደር ከፍቶ በውስጡ ያሉትን ፋይሎች ስም የሚዘረዝር። አጭር ነው፤ ጥሩ እጅና ተራ እጅ ግን እዚያው ይለያያሉ።

በዋግ ኽምራ ወረዳዎች የተሰየሙ ፋይሎች ያሉበት ፎልደር እናስብ፦ ድሃና፣ ጋዝጊብላ፣ ዝቋላ። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ስም ፎልደሩን ከሚያነበው ጥሪ፣ ከሪድዲር፣ ይቀበላል። ያ ስም ውሰት ነው፤ ቀጣዩ ጥሪ ሊደመስሰው ይችላል፣ ፎልደሩ ሲዘጋም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ለቅጂው ከማሎክ የማህደረ ትውስታ ቦታ ይጠየቃል። ስንት ባይት? በዩቲኤፍ-8 የአማርኛ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሚይዝ «ዝቋላ» 9 ባይት ነው። ተራው እጅ 9 ይጠይቃል። ሲ ግን ስሙ ማለቁን የሚያውቀው፣ እኛ በአራት ነጥብ እንደምናውቀው ሁሉ፣ መጨረሻ ላይ በምትቀመጥ ዜሮ ነው። መጠየቅ የነበረበት 10 ነው።

የሚገርመው ፕሮግራሙ ይሠራል። በተለመደው ባለ 64 ቢት ሊነክስ ላይ ማሎክ 9 ሲጠየቅ 24 ባይት ይሰጣልና ዜሮዋ ማንንም ሳትነካ ትቀመጣለች። «ዝቋላማስታወሻ» የሚል ፋይል እስኪመጣ ድረስ! 8 ፊደል፣ ልክ 24 ባይት። ዜሮዋ 25ኛ ሆና ማሎክ የቀጣዩን ቦታ መጠን በመዘገበበት ላይ ታርፋለች። ፕሮግራሙ ቢወድቅም ቆይቶ፣ ምንም ባላጠፋ ሌላ መስመር ላይ ነው፤ ጀማሪውም ያንን መስመር ሲያገላብጥ ያመሻል።

ባለሙያው ቫልግሪንድን ያስነሣል። የጁልያን ሲዋርድ መሣሪያ ነው፤ በ2002 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ስሪቱ ወጣ። ጥፋቱን በተፈጸመበት ቅጽበት ይይዛል፣ ምንም ያልጎዳውን የ«ዝቋላ»ን ሳይቀር። ሪፖርቱ ቁጥብ ነው፦ 1 ባይት ያለ ቦታው ተጽፏል፤ 9 ባይት ካለው ክፍል 0 ባይት አልፎ። ከዚያ የተጻፈበት መስመር፣ ከሥሩ ቦታው የተጠየቀበት መስመር። ያቺን «0» ማንበብ የቻለ ሌላ ፍለጋ አያስፈልገውም፤ የጎደለው ከክፍሉ ቀጥሎ ያለው ባይት ነው።

ቦታውን 1000 ባይት አድርጎ የሚገላገል አለ። መውደቁ ይቆማል፤ እኔ ግን አልወደውም፣ ኮዱን ቆይቶ የሚያነብ ሰው 1000 ከየት እንደመጣ አያውቅምና። የስሙን ባይቶች የሚቆጥረው ስትርለን በሰጠው ቁጥር ላይ 1 መደመር የተሻለ ነው። ከሁሉ የሚያምረው ግን የቦታ መጠየቂያውንና የቅጂውን ሁለት መስመሮች ሰርዞ ስትርደፕ ብሎ የሚጽፈው ነው፦ ቆጠራውም ቅጂውም በአንድ ጥሪ ያልቃል። ዝርዝሩ ከታተመ በኋላም ስሞቹን አንድ በአንድ በፍሪ ይመልሳል።

እንዲህ ያለ ፕሮግራም የምትጽፉ ተማሪዎች፣ ስትሞክሩት የፋይሎቹን ስም በፊደላችን ጻፉ፤ ከመካከላቸውም 8 ፊደል ያለው አይጥፋ።